ለድመት የጻፍኩት የመከላከያ መልስ

በሰባ ሦስት ዓመቴ ለድመት ዋሸሁ።

እውነተኛ ድመት ብትሆን እንኳ በተሻለ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የኮምፒውተር ችግራቸውን የሚጠያየቁበት መድረክ አለ፤ እዚያ ፊቱን በብርቱካንማ ድመት ፎቶ የሸፈነ አንድ ሰው ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ የት አገር ይኑር፣ ሽማግሌ ይሁን ገና ጢም ያላበቀለ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ በአንድ መስመር ጠየቀኝ፤ እኔ በሁለት ገጽ ካድኩት። የክህደቱን ፍርድ ደግሞ እኔ ሳልሆን አንዲት የወንጂ ሴት ተቀበለችው። ይህን የምጽፈው ተጸጽቻለሁ ለማለት አይደለም። ጸጸት በእኔ ዕድሜ ርካሽ ነው፣ ከጉልበት ሕመም ጋር አብሮ ይመጣል። ነገሩን በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ያህል ነው። ቅደም ተከተል ማስያዝ እንጀራዬ ነበርና።

ራፖር ጸሐፊ ነኝ። አዳማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ አንዲት ግራር ሥር አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር አለኝ። ሰው ተከሶ፣ ተበድሎ፣ ተባርሮ ይመጣና አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ እኔ ልቅሶውን ወደ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እለውጠዋለሁ። ድሮ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበር የምሠራው። ፍርድ ቤቱ በኦሮምኛ መሥራት ሲጀምር ቁቤን ከሴት ልጄ ደብተር ላይ ተማርኩ፤ እሷ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ እኔ የአርባ ዓመት ጎረምሳ። ፈተና ብንቀመጥ እሷ ታልፋለች፣ እኔ እደግማለሁ። ቢሆንም ቀስ በቀስ ከእኔ የተሻለ ይግባኝ የሚጽፍ የለም መባል ጀመረ። ይህን ወሬ መጀመሪያ ያስወራሁት እኔው ነኝ።

ለደንበኞቼ ሁለት አባባል ነበረኝ፤ የዕለት ጸሎቴ ማለት ይቻላል። አንደኛው “ለሐኪምና ለራፖር ጸሐፊ አይዋሽም” የሚል ነው። ሰው ሁልጊዜ ጉዳዩን የሚያበላሽበትን አንዷን እውነት ይደብቃታል፤ ውሉ ላይ ፈርሞ አልፈረምኩም ይላል፤ መጥሪያ ደርሶት አልደረሰኝም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ሰውየው ስለ ሟች እናቱ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ሠርጉ ማውራት ሲጀምር እጄን አንሥቼ “ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም” የምለው ነው። ስንቱን ሰው እንዲህ ብዬ አፉን እንዳዘጋሁት እግዜር ይቁጠረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠኝ። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ቢሮው ከጣላቸው ኮምፒውተሮች አንዱን ጠጋግኖ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ጫነበት። “አጎቴ፣ ይሄ ቫይረስ አይዘውም፣ ለአሮጌ ዕቃ ይስማማል” አለኝ። ለላፕቶፑ ይበል ለእኔ ግልጽ አልነበረም። መጻፊያውን፣ ማስቀመጫውን አሳየኝ። በመጨረሻ ሱዶ የምትባል አንዲት ቃል እንዳለች ነገረኝ። ከትእዛዝ በፊት ከተጻፈችና የይለፍ ቃል ከተሰጣት፣ ማሽኑ እንደ ተራ ሰው ማየቱን ትቶ እንደ ባለ ሙሉ ሥልጣን ያይሃል፤ የፈለግኸውን ታጠፋለህ፣ የፈለግኸውን ታዛለህ።

“ይቺን ግን እኔ ሳልኖር እንዳይነኳት” አለኝ፣ ልክ ለሕፃን ክብሪት እንደሚከለከል።

እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት አይከብደኝም።

ሴትየዋ የመጣችው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ወንጂ የተወለደች፣ አባቷ አገዳ ሲቆርጥ ያረጀ፣ ጥርሷን እንደኛ ሁሉ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ቡናማ ያደረገባት ሴት ናት። ድሮ የአባቷን የጡረታ ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ ያን አስታውሳ ሌላ ጸሐፊ ሳትጠይቅ ቀጥታ እኔ ጋ መጣች። ባሏ ሞቶ፣ የባሏ ወንድም “ቤቱ የአባታችን ነው” ብሎ ከሷት፣ ፍርድ ቤቱ ለእሱ ወስኗል። ሁለት ክፍል ቤትና ግቢው ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው ከዚያ ሐሙስ በኋላ ባለው ሁለተኛው ሰኞ ነበር።

ነገሩን ስትነግረኝ ማንጎው ላይ ደረሰችና ቆመች። ባሏ የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደ ሳምንት ከመቂ ችግኙን በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ እንደተከለው፣ መንገድ ላይ ውሃ እንዲያጠጣው ሚኒባሱን ሁለቴ አስቁሞ ሹፌሩ እንደሰደበው መናገር ጀመረች። እጄን አነሣሁ። “ልጄ፣ ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም” አልኳት። ወረቀቶቿን ሁሉ፣ የውሳኔውን ግልባጭ ጭምር፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ይግባኙን ጻፍኩት። አሥራ አንድ ገጽ። ልኩራራ አይደለም፣ ግን ልኩራራ ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ አልጻፍኩም። የሥር ፍርድ ቤት የዘለለውን የምስክር ቃል ይዤ፣ ከሕጉ ጋር አጋጥሜ፣ አንድም ቃል ሳይዛነፍ ማክሰኞ ከሰዓት ጨረስኩት። ከዚያ ሰይጣን መጥቶ ጆሮዬ ላይ “ርዕሱ አያምርም” አለኝ።

ርዕሱን በወፍራምና ባማረ የፊደል ዓይነት ልጻፍ ብዬ ከስልኬ ወደ ላፕቶፑ አንድ ፊደል አስገባሁ። ማሽኑ ወደ ቦታው ሊያስገባው አልፈለገም። ፈቃድ የለህም አለኝ። እኔን! ከሬጅስትራር መስኮት ተመልሶ ለመጣ ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኬን ስመክር የኖርኩት አንድ ምክር ነው፦ ታች ያለው ሲከለክልህ አትጨቃጨቅ፣ የበላዩ ጋ ሂድ። ጸሐፊዋ ከከለከለች ኃላፊው አለ፤ ኃላፊው ከከለከለ ፕሬዚዳንቱ አለ። የበላይ የሌለው እግዜር ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም የበላዩ ጋ ሄድኩ። ያቺን ቃል ጻፍኩ። አንድ ፕሮግራም ብቻም አይደለም፣ መላውን መስኮት ዘግቼ በባለ ሙሉ ሥልጣኑ ስም እንደገና ከፈትኩት። ደስ ሲል! ማንም ምንም አላለኝም። ፊደሉ ገባ፣ ርዕሱ አማረ፣ ሁሉንም አስቀምጬ ዘጋሁና ቤቴ ሄድኩ፤ ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ እንኳ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ረቡዕ ጠዋት ላፕቶፑን ከፈትኩ። የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ተቀበለኝ። ወዲያው ማያው ጥቁር ሆነ፣ ብልጭ አለ፣ ተመልሶ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ደገምኩ። ተቀበለኝ፣ ጠቆረ፣ ብልጭ አለ፣ ጠየቀኝ። ስሳሳት እንኳ ተሳስተሃል ብሎ ያባርረኛል፤ ትክክለኛውን ስነግረው ግን አዎ፣ እርስዎ ነዎት፣ ይግቡ ብሎ በሩን ፊቴ ላይ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት መንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ሴትየዋ በሦስት ሰዓት ይግባኙን ልትወስድ መጣች። “ነገ ነይ” አልኳት።

ይህችን ሁለት ቃል እኔ ስንት ጊዜ በማመልከቻ ውስጥ ከስሻለሁ! “አመልካችን ነገ ነይ፣ ነገ ነይ በማለት እያጉላሉ” ብዬ የጻፍኩት ወረቀት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል ከአዳማ ደራ ይደርሳል። ከአፌ ስትወጣ ግን ምንም አልጎረበጠችኝም፤ ለስላሳ ናት።

የእህቴን ልጅ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። የሚጠይቀኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በስልኬ የሊኑክስ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን መድረክ ፈልጌ አገኘሁ፤ ጀማሪ ይጠይቃል፣ አዋቂ ይመልሳል። ጥያቄዬን በተማርኩት እንግሊዝኛ፣ እንደ ሙያዬ ወግ ጻፍኩ። አርእስቱን “አቤቱታ” አልኩት። በተከበራችሁ ብዬ ጀምሬ፣ ስለ ዕድሜዬ፣ ስለ ሙያዬ፣ ስለ ላፕቶፑ አመጣጥ ከሞጆ ጀምሮ አትቼ፣ በመጨረሻ ማያው ለባለቤቱ ፈቃድ ይሰጥ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ ብዬ ቀንና ፊርማ አኖርኩበት። በጥንድ አውራ ጣት ይህን ሁሉ ለመጻፍ ከረፋድ እስከ ምሳ ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የመለሰልኝ የመድረኩ ዘበኛ ነው፤ ሥርዓት አስከባሪ ነገር። ቦታው ትክክል አይደለም፣ አርእስቱ ችግሩን አይገልጽም፣ ከመጠየቅህ በፊት ደንቡን አንብብ ብሎ ጥያቄዬን ወደ ሌላ ክፍል ወረወረው። ከዚያ አንዱ መጣና “ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ኑዛዜ?” አለ። ሦስት ሰዎች በሳቅ ምልክት አጀቡት። በልቤ እናንተን ብሎ ምሁር አልኩ እንጂ፣ እኔ ብሆን የባሰ ነበር የምለው።

ቀጥሎ ድመቷ መጣች። ሰላምታ የለ፣ እንደምን ዋሉ የለ፦

“ማንኛውንም ባለ መስኮት ፕሮግራም በሱዶ ከፍተሃል?”

ከሥሩ አንድ የፋይል ስም ጽፋ የዚህን ፋይል ባለቤት ማንነት አሳየኝ ትላለች። አለቀ።

እንግሊዝኛ አንቱታ እንደሌለው አውቃለሁ። ቢሆንም ያ “ከፍተሃል?” የሚለው ነገር በአንተ መጣብኝ፤ የፖሊስ መርማሪ ጠረጴዛ መትቶ እንደሚጠይቀው። ደግሞም ጥያቄው ቀጥታ ቁስሌ ላይ ነው ያረፈው። ሦስት መቶ ሰው በሚያየው አደባባይ አንድ ሽማግሌ አትንካ የተባለውን ነካሁ ብሎ ይናዘዝ? ተቀምጬ የመከላከያ መልስ ጻፍኩ። አንደኛ፣ የቀረበብኝ ጥያቄ ማስረጃ የሌለው ነው። ሁለተኛ፣ የተባለውን ቃል አልተጠቀምኩም፣ ክጃለሁ። ሦስተኛ፣ በአማራጭ፣ ተጠቅሜያለሁ እንኳ ቢባል ለችግሩ ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም። እንዲህ እያልኩ፣ ስለ ፋይሉ አንድም ቃል ሳላነሣ፣ ሁለት ገጽ ሞላሁ። ጥሩ መልስ ነበር፤ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ነጻ ያወጣኛል።

ድመቷም “እንግዲያው ሌላ ነገር ይሆናል” ብላ ሄደች።

ሌላ ነገር ፍለጋው ተጀመረ። አንዱ የስዕል ካርዱ ሾፌር የሚባል ፕሮግራም ተበላሽቷል አለ። አንዱ ዲስኩ ሞልቷል አለ። አንዱ ሊኑክሱን አጥፍተህ ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ጫን፣ የኔ የተሻለ ነው አለና ከሌላው ጋር የማን ሊኑክስ ይበልጣል ብለው ሲነታረኩ ዋሉ፤ እኔን ረሱኝ። ሐሙስ ሁሉንም ሞከርኩ። ሴትየዋ መጣች፤ “ነገ ነይ” አልኳት። አርብ ሞከርኩ። መጣች፤ “ሰኞ በማለዳ ነይ” አልኳት። ከወንጂ በሚኒባስ አቧራ ለብሳ መጥታ፣ አግዳሚው ላይ ትንሽ ዐርፋ፣ እሺ አባባ ብላ ትመለሳለች። አንድም ቀን ለምን አላለችም። ለምን ብትለኝ በበጀኝ ነበር።

ከእኔ አሥር እርምጃ ርቃ፣ በትልቅ ቢጫ ጥላ ሥር፣ ሌላ ራፖር ጸሐፊ አለች። ልጅ እግር ሴት ናት፤ ኮምፒውተርም ማተሚያም አላት። ከእኔ ዘንድ ተምራ ነው የወጣችው እያልኩ አወራባታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን እስክሪብቶ አውሼያት አውቃለሁ። አርብ ዕለት ማያውን ሳፈጥበት አይታ፣ “ጋሼ፣ ኮምፒውተርዎ ዓርብና ረቡዕ ይጾማል እንዴ?” አለችኝ። ዙሪያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቁት ሁሉ የኔ ሳቅ ረጅም ነበር።

እሑድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ይግባኙን በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መፍትሔው አልጠፋኝም። እንዲያውም ከዚያ በላይ አውቃለሁ፤ ሬጅስትራሩ ሰኞ ማኅተም እንዲያሳርፍበት አሥራ አንድ ገጽ አያስፈልግም፤ በጊዜው የገባ ሁለት ገጽ፣ ዘግይቶ ከገባ አሥራ አንድ ገጽ እንደሚበልጥ እኔ ነኝ ለሰው የማስተምረው። ሦስት ገጽ ሄድኩ። ግን የማስታውሰው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከዚያኛው ያንሳል። ያ ውስጥ ያለችው የምስክሩ ቃል አንቀጽ እንዴት ነበር የተጻፈችው? አልመጣልኝም። ስልኬ ጮኸ፤ መድረኩ ላይ አንዱ ይህን ሞክር ብሏል። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ፤ ሞከርኩ፤ አልሠራም። ወደ ወረቀቱ አልተመለስኩም። ቆንጆ ሚስት ያለው ሰው ባሏ የሞተባትን አያገባም እንደሚባለው ሆነብኝ፤ እንዲህ የሚባል አባባል እንደሌለ አውቃለሁ፣ ያን ቀን እኔው ፈጠርኩት።

ሰኞ ማለዳ ሴትየዋ ከእኔ ቀድማ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ፍርድ ቤት መግባት ነው ብላ።

ባለ ቢጫ ጥላዋ ነገሩን የሰማችው ከማን እንደሆነ እንጃ፤ ወንበሯን ይዛ መጣችና ጎኔ ተቀመጠች። ዛሬ አላላገጠችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ በቃል ይንገሩኝ፣ እኔ ልተይብ። እስከ ምሳ እንጨርሳለን” አለችኝ።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ።

“አያስፈልግም፤ አሁን ይከፈታል” አልኩ።

ይህችን ንግግር ነው ማታ ማታ የማኝካት። ለሴትየዋ ነገ ነይ ማለቴን፣ ለድመቷ መዋሸቴን በአንድ በኩል አስቀምጡልኝ፤ እነዚያ የፍርሃት ናቸው። ይህችኛዋ ግን ሌላ ነች። አሥር እርምጃ መጥታ የተዘረጋችን እጅ የመለስኩባት ናት።

ረፋዱን ሁሉ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ዋልኩ። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ጠረጴዛዬ ላይ ይዘራዋል፤ ሴትየዋ በነጠላዋ ጫፍ ወረቀቶቿን ትጠርግልኛለች። ሬጅስትራሩ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእጇን አውራ ጣት ስትቆነጥር አየሁ። ያኔ በእሷ ፊት ያለው እፍረቴ መድረኩ ላይ ካለው እፍረቴ በለጠ። ጽሑፍ አላስጌጥኩም፣ ሰላምታ አላቀረብኩም። “አዎ፣ በሱዶ መላውን መስኮት ከፍቻለሁ። ዋሽቻለሁ። እባክህ” ብዬ ለድመቷ ጻፍኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት አጭሩ ማመልከቻ ነው።

ጠበቅሁ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሆነ። ሌሎቹም ዝም፣ ድመቷም ዝም። ከአምስት ቀን በፊት መልሱን ይዛ ደጄ መጥታ በውሸት የመለስኳት ድመት ያን ሰዓት ተኝታ ነበር፤ ለካ በእሷ አገር ሌሊት ነው። ዘበኛው የፍርድ ቤቱን በር ሲዘጋ የብረቱ ድምፅ እስከ ግራሩ ተሰማ። ሴትየዋ ተነሣች፣ ነጠላዋን አራገፈች፣ “ነገ ልምጣ?” አለችኝ። ነገ ምንም እንደማይረባ ገና አላወቀችም።

ማክሰኞ ጠዋት መልሱ ተቀምጧል። ማያውን ለመጠቀም የሚያስፈልግ አንዲት የይለፍ ወረቀት የምትመስል ትንሽ ፋይል ማሽኑ ቤትህ በሚለው ማኅደር ውስጥ አለች፤ መስኮቱን በሙሉ ሥልጣን ስትከፍተው የፋይሏ ባለቤት ያ ባለሥልጣን ሆነ፤ አሁን አንተ ራስህ በራስህ ቤት ልታነባት አትችልም፤ ባለቤትነቷን ወደ ስምህ መልሳት፤ ይላል። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫን፣ ጥቁር ገጽ ይመጣል፣ ይህችን አንድ መስመር ጻፍ። ጻፍኩ። የይለፍ ቃሌን ሰጠሁ። ማያው ጠቆረ፣ ብልጭ አለ፣ ከዚያ የላፕቶፑ ሰማያዊ መስኮት ወለል ብሎ ተከፈተ። አሥራ አንዱ ገጽ አለ። ርዕሱ በወፍራሙ ፊደል፣ በጣም ያምራል።

የበላዩ ጋ ሂድ ስል የኖርኩት እኔ፣ የበላዩን ራሴ ቤቴ አስገብቼ ቁልፌን አስረክቤው ነበር።

ሴትየዋ ስትመጣ ጊዜው ማለፉን ነገርኳት። ሙያዬ ነውና ቀጣዩን አውቀዋለሁ፦ ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ እንዲፈቀድ የሚጠየቅበት ሌላ ማመልከቻ አለ፤ በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። የጠበቃ ወይም የወኪል ስንፍና በቂ ምክንያት አይደለም። የራፖር ጸሐፊ ትዕቢት ደግሞ ከነጭራሹ ሕጉ ውስጥ ስሙ የለም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብዬ ብጽፍ እሷን ነው የምገድላት። ስለዚህ ታማ ነበር ብዬ ልጻፍ አልኳት።

“ምኔን አሞኝ ነበር ልበል?” አለች፣ ከልቧ እየጠየቀች።

“ወገብሽን” አልኳት። ወገብ ለማንም ይታመናል።

ጻፍኩት፤ አጭርና ንጹሕ። የሐኪም ማስረጃ ተጠየቀች፤ የላትም። ውድቅ ተደረገ። መዝገቡ ውስጥ የእኔ ስም፣ የላፕቶፑ፣ የሱዶ፣ የድመቷ ነገር አንድ ቃል የለም። ያለችው በወገብ ሕመም አመካኝታ ቀኗን ያሳለፈች አንዲት ሰነፍ ሴት ብቻ ናት።

ውሳኔውን ይዛ ስትወጣ በግራሩ በኩል መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ቀና ብዬ ጠበቅኋት፤ እንዲያውም ተዘጋጅቼ ነበር፣ ስድብ ላይ ብርቱ ነኝ፣ እችለዋለሁ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም። ወረቀቶቿን ሰብስባ በፌስታል ከተተች።

“አባባ፣ የመጀመሪያውን ቀን አልቻልኩም ቢሉኝ ምን ነበረበት?”

አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልኩ ለሁሉ ነገር መልስ የምጽፈው ሰው እስክሪብቶዬን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። “ደህና ይዋሉ” ብላ ወደ ወንጂ መኪኖች ሄደች።

መድረኩ ግን አልለቀቀኝም። ድመቷ ሦስት ጊዜ ጻፈች፦ ከተስተካከለ እባክህ ጥያቄውን ተፈትቷል ብለህ ምልክት አድርግበት። ደንባቸው ነው፤ ሌላ ሰው ሲፈልግ እንዲያገኘው። ምልክት አላደረግሁም። ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ያው ችግር የገጠማቸው ሰዎች ከየአገሩ እየገቡ ማመስገን ጀመሩ። “አያቴ፣ እርስዎ ባይጠይቁ ኖሮ ሥራዬ ሁሉ ጠፍቶ ነበር” አለኝ አንዱ። አንዷ የመመረቂያ ጽሑፏን አዳንኩላት። ያ ኑዛዜ ነው ብሎ ያሾፈብኝ ሳይቀር አውራ ጣቱን ሰቀለልኝ። ከእኔ ውሸት ሰው ሁሉ ተጠቀመ፤ ጠረጴዛዬ አጠገብ ከተቀመጠችው በቀር።

በመጨረሻ ከወንጂ የመጣ ደንበኛ የሴትየዋ ባል ወንድም ግቢውን እንደተረከበና ማንጎውን ለመኪና ማቆሚያ ብሎ እንደቆረጠው ነገረኝ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ስልኬን አውጥቼ እዚያው መድረክ ላይ፣ ምስጋናዎቹ ሥር፣ መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ሴትየዋ ጻፍኩ። ነገ ነይ ማለቴን፣ ስለ ቢጫዋ ጥላ፣ ስለ ወገቡ። ከዚያ ማንጎው ላይ ደረስኩ፤ ባሏ ከመቂ በጨርቅ ጠቅልሎ እንዳመጣው፣ ውሃ ሊያጠጣው ሚኒባሱን ሁለቴ እንዳስቆመ፣ ሹፌሩ እንደሰደበው። ያን ዕለት እጄን ሳነሣባት እዚያ ላይ ነበር ያቆመችው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ሦስተኛ ጊዜ አቁሞት እንደሆነ፣ ሹፌሩ መጨረሻ ላይ ስቆ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ እኔም እዚያው ላይ አቁሜ ላክሁት።

ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጽሑፉ ከገጹ ላይ የለም። በቦታው የመድረኩ ዘበኛ ማስታወሻ አለ፤ ጥያቄውን ራሱ ተፈትቷል ብሎ በአረንጓዴ ዘግቶታል፣ የእኔን ጽሑፍ ያነሣበትን ምክንያትም በአንዲት መስመር አስቀምጧል። አነበብኳት። ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ይላል።